«ጆሮ ይተከላል» የሚሉት ነገር እውነት ነው?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው። ስለ አንድ ሰው የተወራውን አገር ምድሩ ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ መጨረሻ ላይ የሚሰማው ባለቤቱ ነው ለማለት። እኔ ግን ሰሞኑን ስለ ጆሮ ሳገላብጥ ስሰነብት ተረቱ በሌላም በኩል እውነት ሆኖ አገኘሁት። ፀጉራችንን እንሠራለን፣ ጥርሳችንን እንፍቃለን፣ ዓይናችን ትንሽ ከቀላ ፋርማሲ እንሮጣለን። ጆሮስ? ጉትቻ ከሚንጠለጠልበት ጫፍ አልፎ ወደ ውስጥ ምን እንዳለ ስንቶቻችን እናውቃለን? ባዳ ነው እንጂ!

ነገሩን ያነሣሁት ከአንዲት አንባቢ በደረሰኝ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ተወልዳ ያደገችው ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው። አሁን ባሕር ዳር ተቀጥራ ትሠራለች። ስሜ እንዳይወጣ አደራ ብላለች፤ አይወጣም። ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል፦

«የታላቅ እህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ኃይለኛ ትኩሳት ያዘው፣ አንገቱ ደረቀ፤ ሐኪም ቤት ሲወሰድ የማጅራት ገትር ነው ተባለ። ተኝቶ ታክሞ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ስንጠራው አይዞርም። መጀመሪያ ድካም ነው ብለን ነበር። አሁን ውሻ አጠገቡ ቢጮህ እንኳ አይደነግጥም። ይላቸው የነበሩት ቃላትም እየጠፉበት ነው። እናቱ ጠበል ልውሰደው ትላለች። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ደግሞ ደውሎ ‹እዚህ ጆሮ ይተክላሉ፣ አትጨነቁ› አለን። አባቱ ይህን ሲሰማ ሁለቱን በሬዎች ሸጦ ልጁን ይዞ ለመሄድ ተነሥቷል። ለመሆኑ ጆሮ ይተከላል? እውነት ከሆነስ በሬዎቹ ይሸጡ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥሽ። ጆሮ አይተከልም። የሚተከለው ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ለጆሮ ነርቭ የሚያቀብል መሣሪያ ነው። ለአንዳንዱ ሰው እጅግ ይጠቅማል፣ ለአንዳንዱ ምንም አይፈይድም። የእናንተ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚታወቀው በምርመራ ነው። ምርመራው ደግሞ ሲመቸን እናደርገዋለን የሚባል አይደለም። ከማጅራት ገትር በኋላ እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው። ስለዚህ ይህን አንብበሽ ከመጨረስሽ በፊት ለእህትሽ ደውይላትና «ነገውኑ ሐኪም ይየው» በያት። ምክንያቱን አሁን እናገራለሁ፤ እሱን ለመረዳት ግን ጆሮ ውስጥ ገባ ብለን መውጣት አለብን።

ደጅ፣ ሳሎን፣ ጓዳ

ሐኪሞች ጆሮን የውጭ፣ የመካከለኛና የውስጥ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። እኔ በቤት ልመስለው። ደጁ በዓይን የምናየው ጆሮና ወደ ውስጥ የሚወስደው ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ኩክ የሚመረተው እዚህ ነው። ኩክን ሁላችንም እንደ ቆሻሻ እንቆጥረዋለን። ሥራው ግን አቧራና ነፍሳትን ይዞ ማስቀረት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። በክብሪት እንጨት ወይም በላባ የሚጎረጉር ሰው ኩኩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል እንጂ አያወጣውም።

ደጁ የሚያበቃበት ላይ ታምቡሩ ተወጥሯል። ስስ ነገር ነው፤ ስፋቱም አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ድምፅ ማለት የአየር ንዝረት ስለሆነ ንዝረቱ ሲመታው ታምቡሩ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከታምቡሩ ጀርባ ሳሎኑ አለ፤ በአየር የተሞላች ጠባብ ክፍል። በውስጧ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ተንጠልጥለዋል። በመልካቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። የቀጥቃጭ ቤት ነው እንዴ? (አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ለእስቴ ልጅ ሩቅ ስላልሆነ መዶሻና መስፍ አይገርማትም።) እርካቡ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። ሦስቱ ተቀባብለው ንዝረቱን ወደ ጓዳው ይገፉታል።

ይህ ሳሎን ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ቱቦ አለው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ያውቀዋል። ዳገቱ ላይ ጆሮ ድፍን ይላል፤ ሲያዛጉ ወይም ምራቅ ሲውጡ ጧ ብሎ ይከፈታል። ቱቦው አየር አስገብቶ ግፊቱን አስተካከለ ማለት ነው። የሕፃናት ቱቦ አጭርና ጋደም ያለ በመሆኑ የጉንፋን ጀርም በቀላሉ ይወጣበታል። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ጆሯቸውን የሚያማቸውና የሚመግልባቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጓዳው። ዋናው ጉድ ያለው እዚህ ነው። በጭንቅላት አጥንት ውስጥ የተቀበረ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ፣ ሁለት ጊዜ ተኩል የተጠቀለለ ቱቦ አለ። ቢተረተር ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ውስጡ ፈሳሽ ነው። እርካቡ የጓዳውን በር ሲገፋ ፈሳሹ ይናወጣል፤ ፈሳሹ ሲናወጥ ደግሞ ጫፋቸው ላይ እንደ ፀጉር የበቀለባቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ይወዛወዛሉ። ሲወዛወዙ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጥራሉ፣ ነርቩ ይቀበላል፣ አንጎል ይሰማል። በቃ፣ መስማት ማለት ይኸው ነው። ቀጭን ድምፅ የሚሰማው በቅርፊቱ መግቢያ ላይ ባሉት ሕዋሳት ነው፤ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ከጥቅልሉ ጫፍ ባሉት። እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ ድምፅ አለው። ይህን ያሳየው የሃንጋሪ ተወላጁ ጊዮርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

እነዚህ ፀጉራም ሕዋሳት ስንት ይመስሏችኋል? በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ብቻ! ዓይን ብርሃን የሚቀበልባቸው ሕዋሳት ከመቶ ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን ስታስቡ፣ ፈጣሪ ለጆሮ የሰጠው ስንቅ ቁጥር የገባለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ዶሮ ግን ታበቅላቸዋለች። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተረጋገጠ ነው። የዶሮ ጆሮ በኃይለኛ ድምፅ ቢጎዳ ከሳምንታት በኋላ አዲስ ሕዋስ ያወጣል። እኛ ዶሮ ወጥ እየበላን እሷ የያዘችውን ምስጢር አናውቅም ነበር።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለቱንም ጆሯችሁን በጣት ድፈኑና ቆሎ ቆርጥሙ። ወፍጮ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ደጁ ተዘግቶ ድምፁ በምን ገባ? በአጥንት ነው። የጭንቅላት አጥንት ንዝረቱን በቀጥታ ወደ ጓዳው ያደርሰዋል። በስልክ የላካችሁትን የድምፅ መልእክት መልሳችሁ ስትሰሙ «ይሄ የኔ ድምፅ ነው እንዴ?» የምትሉትም ለዚህ ነው። ስትናገሩ ድምፃችሁን በአየርም በአጥንትም ትሰሙታላችሁ፤ ከስልኩ የሚመጣው ግን በአየር ብቻ ነው።

የት ጋ ነው የተበላሸው?

የሕክምናው ነገር የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ ነው። ብልሽቱ ደጁ ወይም ሳሎኑ ላይ ከሆነ ተስፋው ሰፊ ነው። የደረቀ ኩክ ከሆነ ይጠረጋል። መግል ከሆነ በመድኃኒት ይደርቃል። የተቀደደ ታምቡር ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ እምቢ ካለም በቀዶ ሕክምና ይጣፋል። ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ የሚተከል መሣሪያም አለ፤ ልክ እንደ ቆሎው ድምፁን በአጥንት በኩል ያስገባል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረ ነው። መግሉ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ግን አጥንቶቹን ይበላል፤ ብሶበትም ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላል። «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ ጆሮው ለዓመታት የሚያዥ ስንት ልጅ አለ! ጤና አዳም መጭመቅና ዘይት ማሞቅም ይቅር። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ የጨመራችሁት ሁሉ በቀጥታ ሳሎን ነው የሚገባው።

ብልሽቱ ጓዳው ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ፀጉራሞቹ ሕዋሳት በእርጅና ይሞታሉ፣ በጩኸት ይሞታሉ፤ አንዳንዱ ሕፃንም ከነችግሩ ይወለዳል። መድኃኒትም ይገድላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈ መድኃኒት ነው፤ የብዙ ሰው ጆሮም ይዞ ሄዷል። ካናማይሲንም እንደዚያው። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጎንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀመር በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነበረበት። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአፍ የሚዋጠውን ነው። (መርፌ ታዞላችሁ ጆሯችሁ መጮህ ከጀመረ ለሐኪሙ ያን ዕለቱን ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ነቀርሳ ይገድላል።)

ማጅራት ገትር ደግሞ አለ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» የሚባል ምድር ተዘርግቷል፤ እኛ የምሥራቁ ጫፍ ነን። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. የተነሡትን ወረርሽኞች ወላጆቻችን ያስታውሷቸዋል። ክትባቱ ብዙ ለውጧል። የሂብ ክትባት በ1999፣ የኒሞኮከስ በ2004፣ ዋናውን የወረርሽኝ ዘር የሚከላከለው ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየዙሩ ተሰጥቷል። ሆኖም በሽታው ጨርሶ አልጠፋም። በባክቴሪያ ከሚመጣው ማጅራት ገትር ከተረፉ አምስት ሰዎች አንዱ ዘላቂ ጉዳት ይዞ እንደሚቀር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። አንዱ ጉዳት መስማት ማጣት ነው። የአንጎሉ መግል በቀጭን መንገድ ወደ ጓዳው ይገባና ሕዋሳቱን ይፈጃቸዋል።

አሁን ስለ ችኮላው። ማጅራት ገትር የነካው ቀንድ አውጣ አንዳንዴ ከውስጥ ወደ አጥንት ይለወጣል። ፈሳሹ የነበረበት ቦታ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየጠበበ ይደፈናል። ከተደፈነ በኋላ የሚተከለው ሽቦ መግቢያ የለውም፤ ወይም የሚገባው ግማሹ ብቻ ነው። በር ሳይዘጋ መድረስ ማለት ይህ ነው። እህቴ፣ «አምስት ሳምንት» ብለሽ ስትጽፊ ልቤ የደነገጠው ለዚህ ነው።

ሽቦው እንዴት ገባ?

መጀመሪያ የሞከሩት ፈረንሳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፓሪስ ውስጥ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪየስ የተባሉ ሐኪሞች ፈጽሞ ለማይሰማ ሰው የጆሮ ነርቭ ላይ ሽቦ አስቀመጡ። ሰውዬው የነፍሳት ጭርጭርታ የመሰለ ነገር ሰማ። ንግግር ለይቶ አልሰማም፤ ከዚያም መሣሪያው ተበላሸ። በ1961 ሎስ አንጀለስ ላይ ዊልያም ሐውስ ቀጠለበት።

እኔን የማረከኝ ግን የአውስትራሊያው የግሬም ክላርክ ታሪክ ነው። አባቱ ለመስማት የሚቸገር ፋርማሲስት ነበር። ልጅዬው ሐኪም ሆነና ለዓመታት አንድ ነገር አስጨነቀው፦ ያን የተጠቀለለ ጓዳ ሳይቀደድ ሽቦ እንዴት ይገባበታል? በ1977 ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ሄዶ (የእኛን ባሕር ዳር አይደለም!) አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አነሣና ሣር ይሰድበት ጀመር። ጫፉ ለስላሳ፣ ግርጌው ጠንከር ያለው ሣር ጥቅልሉን ተከትሎ ዘለቀ። መፍትሔው ተገኘ። ሽቦውም እንደዚያ ሣር ሆኖ ተሠራና ነሐሴ 1 ቀን 1978 (በፈረንጆቹ) ሜልቦርን ውስጥ በመኪና አደጋ መስማት ላጣው ለሮድ ሳውንደርስ ተተከለ። ቪየና ላይም ኢንገቦርግና ኤርዊን ሆክማየር የሚባሉ ባልና ሚስት መሐንዲሶች ከአንድ ዓመት በፊት የራሳቸውን ሠርተው ነበር። አሜሪካ ለልጆች የፈቀደችው በ1990 ነው፤ ያኔ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ነበር፤ በ2020 ወደ ዘጠኝ ወር ወርዷል።

አሠራሩ ቀላል ነው ልል ነበር፤ አይደለም፤ ግን ይገባል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል ማይክሮፎን ያለው መሣሪያ ድምፁን ይቀበልና በየቅጥነቱና በየውፍረቱ ይለየዋል። ከዚያ በማግኔት ራስ ቅል ላይ ለጠፍ ባለች ክብ ነገር በኩል ቆዳን ዘልቆ ወደ ውስጥ ይልከዋል። ከቆዳው ሥር የተቀበረው ተቀባይ ደግሞ በሽቦው ላይ ለተደረደሩት ጥቃቅን ኤሌክትሮዶች ያድላቸዋል፤ እነሱ ነርቩን ይኮረኩሩታል። የሞቱት ሕዋሳት ታልፈዋል ማለት ነው። ነርቩ ራሱ ከሌለ ወይም ከሞተ ግን ሽቦው የሚኮረኩረው የለውም።

ቀዶ ሕክምናው የጥቂት ሰዓታት ነው። መሣሪያው የሚከፈተው ቁስሉ ሲድን፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያች ቀን የሰው ድምፅ የሚሰማው ጣቢያው በደንብ እንዳልተያዘ ሬዲዮ፣ ወይም እንደ ማሽን ንግግር ነው ይላሉ። እያደር ግን አንጎል ይማራል። ቀድሞ ሰምቶ ያውቅ የነበረ ሰው በወራት ውስጥ ንግግር ይለያል። መስማት ሳያውቅ ላደገ ጎልማሳ ግን ያልተማሩት ቋንቋ ነው። ሕፃናት ላይ በጊዜ ይሠራ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ደግ ነው።

የበገና አሥር አውታርና የጋይንት ዜማ

ስለዚህ መሣሪያ ሳነብ ሐሳቤ ወደ ጋይንት ሄደ። ከእስቴ ጎረቤት ነው። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆኑበት አገር። የቆሎ ተማሪው ለዓመታት መሬት ላይ ተቀምጦ የሚቀርጸው ጆሮውን ነው። የምልክት ፊደል ቢኖርም መምህሩ የሚያርመው ሰምቶ ነው፤ አንዲት ድምፅ ብትዛነፍ «መልስ!» ይላል። ግዕዝን ከዕዝል፣ ዕዝልን ከአራራይ የሚለይ ጆሮ ማለት እያንዳንዷ ሕዋስ ሥራዋን የምትሠራበት ጆሮ ነው።

ሽቦውስ? በገና አሥር አውታር አለው። ሽቦው እንደ ፋብሪካው ከ12 እስከ 22 ኤሌክትሮድ ቢኖረው ነው። በ15,000 ሕዋሳት ቦታ 22! ስለዚህ ዜማ ይጠፋል። ምቱ ይሰማል፣ ከበሮው ይሰማል፤ የድምፁ መውጣትና መውረድ ግን ይደበላለቃል። ብዙ ተጠቃሚዎች ሙዚቃ ጩኸት ሆኖብናል ይላሉ። ንግግር ላይ ግን ይህን ያህል አይከፋም። ለምሳሌ በአማርኛ «ዋና» ብለን አጥብቀን ወይም አላልተን ብንል ትርጉሙ ይለያያል። የመጥበቅና የመላላት ነገር የጊዜ ርዝመት ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ጊዜን በደንብ ያደርሳል። እውነቱን ለመናገር ይሄ አስደስቶኛል። ሽቦው ድጓ አያስመሰክርም፤ «እማዬ» ሲባል ግን ያሰማል።

ወደ በሬዎቹ እንምጣ

አይሸጡ። ቢያንስ አሁን አይሸጡ። መሣሪያው ብቻ በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ነው፤ የጥንድ በሬ ዋጋ አጠገቡም አይደርስም። ከተተከለ በኋላም ባትሪ አለ፣ መብራት አለ፣ ሲበላሽ መለወጫ አለ። መሣሪያውን በየጊዜው የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ መመላለስ አለ፣ ንግግር ማሠልጠን አለ። መብራት በሚጠፋበት ገጠር ቻርጅ ያላደረገ መሣሪያ ጌጥ ነው። አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁ ክፉ አላለም፤ ግን «ይተክላሉ» ብሎ ስልኩን መዝጋት ቀላል ነው። በእርግጥ ሊረዳ ከፈለገ የመጀመሪያው ቀን ወጪ ብቻ ሳይሆን የአሥር ዓመቱንም አብሮ ያስብ። በሬዎቹ ከተሸጡ ደግሞ በክረምቱ ምን ይታረሳል? የልጁ እንጀራስ?

ለምርመራው ግን በሬ መሸጥ አያስፈልግም። ከመካነ ኢየሱስ ሆስፒታል ሪፈር አጽፋችሁ የአንገት በላይ ሐኪም ወዳለበት፣ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር፣ ሂዱ። የተኛበትን ወረቀትና የተሰጡትን መድኃኒቶች ዝርዝር ያዙ። «የማጅራት ገትር ከያዘው አምስት ሳምንቱ ነው» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ተናገሩ፤ ወረፋውን የሚያሳጥረው እሱ ነው። ሐኪሙ ደጁንና ሳሎኑን ያያል። ቀጥሎ ልጁ ተኝቶ እያለ አንጎሉ ለድምፅ ምላሽ መስጠቱ የሚለካበት ምርመራ አለ፤ ሕፃኑ «ሰማሁ» እንዲል አይጠበቅም። ጓዳው አለመደፈኑን ለማየት ደግሞ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። እነዚህ የሚሠሩበት አዲስ አበባ ብቻ ነው ከተባላችሁ ለመሄጃና ለማደሪያ ብቻ ተበደሩ። ምናልባት የተረፈ መስማት ይኖር ይሆናል፤ ያኔ በጣም ርካሽ የሆነው ድምፅ የሚያጎላ የመስሚያ መሣሪያ ሊበቃው ይችላል። እግሩ ደንገጥገጥ የሚል ከሆነም አትደንግጡ፤ የሚዛን መጠበቂያው የሚገኘው እዚያው ጓዳ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ተነክቶ ይሆናል። ልጆች ቶሎ ይለምዱታል።

ጠበሉስ? እናቱን አትከልክሏት። ጠበሉም ይቀጥል፣ ምርመራውም አይቅር። ቅደም ተከተል ካስፈለገ ግን ሐኪሙ ቀን እየቆጠረ ነውና እሱ ይቅደም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይሄ የኔ የራሴ አቋም ነው። ሽቦው ቢገኝም ባይገኝም ልጁ ቋንቋ ሳይኖረው አንድ ዓመት እንኳ መቆየት የለበትም። አንጎል ቋንቋ የሚለምድበት ዕድሜ ዶላር እስኪገኝ አይጠብቅም። የምልክት ቋንቋ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ሆሳዕና ላይ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ። ያቋቋመችው፣ እንደ አጋጣሚ ስሟ ከከተማችሁ ጋር የሚገጥመው፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በአካባቢው መስማት ለተሳናቸው የተከፈተ ክፍል የት እንዳለ ጠይቁ። እስከዚያው ሲያናግሩት ፊቱ ላይ ብርሃን ሳይሆን የእናንተ ፊት ላይ ብርሃን ይሁን፤ ቁመታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ዓይን ለዓይን፣ በእጅም እያሳያችሁ። «ድዳ» እና «ደንቆሮ» የሚሉ ጎረቤቶችን ደግሞ እናንተው ዝም አሰኙልኝ።

ለእናንተ፣ ኤርፎን ለማይለያችሁ

የእስቴው ልጅ በጀርም ያጣውን እናንተ በገዛ ገንዘባችሁ ልታጡት ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ወጣቶች በኃይለኛ ድምፅ ማዳመጥ ምክንያት ለጆሮ ጉዳት ተጋልጠዋል ይላል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 85 ዴሲቤል፣ ማለት ጫጫታ የበዛበት መንገድ ላይ ያለው ዓይነት ድምፅ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ድረስ ይቻላል። ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፤ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ! የጭፈራ ቤት ድምፅ ደግሞ ከ100 ወዲህ ብዙም አይገኝም። ወፍጮ ቤት የሚውሉ፣ ብረት የሚቆርጡ፣ ድምፅ ማጉያ ሥር ቆመው የሚያድሩ ልጆችም አሉ።

መጀመሪያ የሚሞቱት መግቢያው ላይ ያሉት፣ ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ሰው ሲያናግራችሁ ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይጠራም፤ ሰ እና ፈ እና ሸ ይዋጣሉ። «ጮክ በል» ሳይሆን «ምን አልክ?» ማብዛት ከጀመራችሁ እሱ ነው። ማታ ከጭፈራ ስትመለሱ ጆሮ ጭው የሚለውንም አንዳንዱ «ሰው እያነሣኝ ነው» ብሎ ይስቅበታል። ያነሣህ ሰው የለም ወንድሜ፤ የተጎዱት ሕዋሳት ናቸው የሚጮኹት። ጠዋት ካልለቀቀ ሁለት ቀን ጸጥ ያለ ቦታ ክረሙ፤ ከዚያም ካልተወ፣ በተለይ አንድ ጆሮ በድንገት ድፍን ብሎ ከቀረ፣ ሳታድሩ ሐኪም ይያችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።